ከኋላ ይዩልኝ

መስከረም 26 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ሰኞ

ትናንት ከሆስፒታል ወጣሁ። የግራ ትከሻዬ አጥንት ተሰንጥቋል፤ ክንዴ በሻሽ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሏል። ቀኝ እጄ ደህና ስለሆነ ነገሩ ሳይደበዝዝብኝ በቅደም ተከተል ላስፍረው።

ዓርብ መስከረም 23፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከመናኸሪያው አጠገብ የገመቹን ባጃጅ ተሳፈርኩ። ይዘንብ ነበር። ገመቹን የዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት ዘጠነኛ ክፍል ጂኦግራፊ አስተምሬዋለሁ፤ አሁን የሁለት ልጆች አባት ነው፤ ባጃጁም የራሱ ነው። ተሳፋሪ እኔ ብቻ ነበርኩ። ከኋላ ወንበር በግራ በኩል ተቀመጥኩ። በዋናው አስፋልት ወደ ደቡብ ወርደን ወደ ሰፈራችን የሚያስገባው የድንጋይ ንጣፍ መንገድ ጋ ስንደርስ ወደ ግራ መታጠፍ ጀመረ። ያን ጊዜ ከኋላችን በግራ ሊቀድም የመጣ ሞተር ሳይክል ጎናችንን መታን። ባጃጁ በቀኝ ጎኑ ተገለበጠ።

ሞተረኛው ሱፍያን ይባላል። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው። ኢዲዶ ወደሚባለው ገጠር እየሄደ ከገበሬዎች ቀይ እሸት ቡና ገዝቶ ለማጠቢያ ጣቢያ ያስረክባል። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ለቀማው ሊጀመር ሁለት ሳምንት ሲቀረው።

አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። ሲዘንብ የባጃጅ የጎን ሸራ ይወርዳል፤ ስፖኪዮውም በውሃ ይጋረዳል። ስለዚህ ሹፌሩ ከመታጠፉ በፊት ተሳፋሪውን «ከኋላ ይዩልኝ» ይላል። ተሳፋሪው ሸራውን ገልጦ ያይና «ባዶ ነው» ወይም «ቆይ» ይላል። እዚህ ከተማ ሁሉም የሚያደርገው ነው። ገመቹም ዓርብ ዕለት ጠየቀኝ። አየሁ። ባዶ ነበር።

ሞተሩ ከየት እንደመጣ አላውቅም።

መስከረም 28፣ ረቡዕ

የትራፊክ ፖሊስ ሳጅኑ ቃሌን ሊቀበል ቤት ድረስ መጣ። ትሁት ሰው ነው። ያነሳውን ፕላን አሳየኝ፤ የድንጋይ ንጣፉ መንገድ አስፋልቱን በቀጥታ ማዕዘን የሚያቋርጥ አስመስሎ ነው የሣለው። «እንዲህ አይደለም፤ ወደ ሰሜን ያዘነበለ ነው» አልኩት። «ጋሼ፣ ይህ ለዳኛ ነው እንጂ ለፈተና አይደለም» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

«ሹፌሩ ከመታጠፉ በፊት ተጠንቅቋል?» አለኝ።

«ገመቹ ጠንቃቃ ነው» አልኩት።

ጻፈና አነበበልኝ። «ሹፌሩ ፍሬቻ አሳይቶ፣ የኋላውንም አይቶ ሲታጠፍ» ይላል። የቀበሌውን ቁጥር ተሳስቶ ነበርና አሳረምኩት። ሌላውን እንዳለ ፈረምኩ።

ደክሞኝ ነበር። መድኃኒቱ ያፈዘኛል።

ጥቅምት 1፣ ቅዳሜ

ዝናብ። ትከሻዬ ሌሊቱን ሲጠዘጥዘኝ አደረ። ኤልቤቴል ከሀዋሳ ደወለች። ልጄ እንደ እናቷ ነገር አትዞርም፤ «አባዬ፣ አንተ ተሳፋሪ ነህ። ከሁለቱም ካሳ የመጠየቅ መብት አለህ። ምንም ጥፋት የሌለበት ሰው አንተ ብቻ ነህ» አለችኝ። አስብበታለሁ አልኳት።

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

ገመቹ ሙዝ ይዞ መጣ። ግንባሩ ላይ ሁለት ስፌት አለው። ባጃጁ ፖሊስ ጣቢያ ግቢ ተይዟል፤ ሥራ የለውም። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ድሮም ክፍል ውስጥ እንዲሁ ነበር፣ ሊነሳ እንደተዘጋጀ ሰው።

«ጋሼ፣ ለሳጅኑ በስፖኪዮ አይቻለሁ ነው ያልኩት» አለኝ።

«ስፖኪዮው ይታይ ነበር?»

«አይታይም ነበር።»

ባለቤቴ ፀሐይወርቅ ሻይ ይዛ ስትገባ ዝም አለ። ስኒውን አስቀምጣ፣ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አይታ ወጣች።

«እርስዎን እዚህ ነገር ውስጥ አስገብቼ ምን ይጠቅመኛል?» አለ። «አንዴ ይዩልኝ ብዬዎታለሁ፤ አዩልኝ፤ አለቀ። ሞተረኛው ነው እንደ ጥይት የመጣው።»

አመሰገንኩት። ከሄደ በኋላ ለምን እንዳመሰገንኩት ሳስብ ቆየሁ።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ዛሬ ዝናቡ ጋብ ብሎ ስለነበር ቦታውን ለካሁት። ፀሐይወርቅ የሜትሩን ጫፍ ያዘችልኝ። የሊስትሮ ሳጥን ከፊቱ ያስቀመጠ ጎረምሳ «ጋሼ፣ አስፋልቱን ሊሸጡት ነው?» አለኝ። ባጃጅ ተራ ላይ የቆሙት ሹፌሮች ሳቁ። አንዱ ለሌላው «ገመቹ መምህር ይዞ ተገለበጠ፤ አንተ ጳጳስ ይዘህ ተገልበጥ» ሲል ሰማሁት።

የድንጋይ ንጣፉ አፍ ስፋት 6.20 ሜትር። ከመታጠፊያው እስከ መጀመሪያው የመስታወት ስብርባሪ 3.10 ሜትር። ከመታጠፊያው ወደ ኋላ፣ ወደ መናኸሪያው፣ 140 ሜትር ቀጥ ያለ መንገድ ነው። ሞተሩ በሰዓት ስልሳ ኪሎ ሜትር ቢመጣ ያንን ለመጨረስ ስምንት ሰከንድ ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ ወደ ኋላ ያየ ሰው ሊያየው ይገባ ነበር።

ዝናብ ነበር። ዝናቡን ስሌቱ ውስጥ እንዴት እንደማስገባው አላውቅም።

ፕላኑን ደግሜ በትክክለኛው መጠን ሣልኩት። የሰሜን ቀስት አደረግሁበት። ባጃጁን፣ ሞተሩን፣ የወደቅሁበትን ቦታ አስገባሁ። ዓይኔ የት ይመለከት እንደነበር የሚያሳይ ምልክት ግን በካርታ ሥራ የለም።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

የታመመ መጠየቅ ወግ ነውና ሱፍያን ቤት ሄድኩ። እናቱ ወ/ሮ ረህማ ገበያ አጠገብ የጨርቅ ሱቅ አላቸው፤ ቤታቸው ከሱቁ ጀርባ ነው። ሱፍያን ፍራሽ ላይ እግሩን ትራስ ላይ አድርጎ ተንጋሏል። ጄሶው እስከ ጭኑ ይደርሳል። ሀዋሳ ሄዶ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል፤ ካልተደረገ እግሩ አጥሮ ይቀራል ብለውታል።

«መምህር፣ ካርታ ይሣሉልኝ እስቲ እዚህ ላይ» አለና ጄሶውን መታ መታ አደረገ። «የኢዲዶን መንገድ። ቢያንስ በእጄ እሄድበታለሁ።»

ወ/ሮ ረህማ «ይህ ልጅ እግሩ ቢሰበርም አፉ አልተሰበረም» አሉ። ሻይ አቀረቡልኝ፤ ስኳሩንም ራሳቸው አማሰሉልኝ፣ ክንዴ ታስሯልና።

ስለ ለቀማው አወራን። የሚሸጡለት ገበሬዎች ይደውሉለታል፤ ቀዩ እየደረሰ ነው፣ ለማን እንስጥ ይሉታል። ለሌላ ስጡ ይላቸዋል። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ።

«መምህር፣ እርስዎ ክላክስ ሰምተዋል?»

«አልሰማሁም» አልኩት። እውነቴን ነው።

«ገመቹም አልሰማሁም ብሏል። ያነሱን ሰዎችም አልሰማንም ብለዋል። እኔ ክላክስ አድርጌያለሁ። ማለቴ፣ ያደረግሁ ይመስለኛል።» እናቱን አየ። «አሁን አሁን እኔም እንጃ እያልኩ ነው።»

ወ/ሮ ረህማ «ቀስ በል እያልኩህ» አሉ። ብዙ ጊዜ እንዳሉት ያስታውቃል።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

በመጀመሪያው ቀን ሳልጽፍ ያለፍኩት አለ። ባጃጁ ሲታጠፍ ከፀሐይወርቅ ጋር ስልክ እያወራሁ ነበር። ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም ብዬ ነው የተውኩት። አሁንም አይገናኝም። ለምሉዕነት ያህል ነው።

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ

ሱፍያን ገመቹን ከሰሰው። ጎረቤት ሽማግሌዎች ሊያስታርቁ ሞክረው ነበር፤ ሁለቱ ግን ሙሉ ጥፋቱ ያንተ ነው እየተባባሉ ሳይታረቁ ቀሩ። ገመቹ ሳምሶን የሚባል ጠበቃ ይዟል። ምስክር ነዎት ብሎ አስጠራኝ።

ሳምሶን ፈጣን ተናጋሪ ነው። «ጋሼ፣ ነገሩ ቀላል ነው። ሁለት ባለሞተር ሲጋጩ ሕጉ ሁለቱም እኩል አስተዋጽኦ አድርገዋል ብሎ ነው የሚነሳው። ጉዳቱን ደምሮ ለሁለት መክፈል ነው። አይ፣ በዋናነት የዚያኛው ጥፋት ነው የሚል ማስረዳት አለበት።»

«ግማሹን ማን ለካው?»

«ማንም አልለካውም። ስላልተለካ ነው ግማሽ የሆነው።»

ይህ አልተዋጠልኝም። ሦስት ጊዜ አስደገምኩት። በኋላ የገባኝ ይህ ነው፤ ግማሽ ለግማሽ ከሆነ የገመቹን ድርሻ ኢንሹራንሱ ይችለዋል፤ ባጃጁ ይተርፍለታል። ጥፋቱ የእሱ ነው ከተባለ ግን ኢንሹራንሱ አይበቃም፤ ባጃጁ ይሸጣል። ሱፍያን ደግሞ ግማሹን ብቻ ካገኘ ሁለተኛውን ቀዶ ጥገና እንዴት እንደሚያሠራ እንጃ።

«የእርስዎ ቃል አጭር ነው» አለኝ ሳምሶን። «ሹፌሩ በዝግታ ታጠፈ፤ ክላክስ አልሰማሁም። ሁለቱም እውነት ናቸው አይደል?»

«ናቸው።»

«በቃ። ያልተጠየቁትን አይመልሱ። መምህራን ያልተጠየቁትን የመመለስ አመል አላችሁ።»

ገመቹ ጥግ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይመለከት ነበር።

ጥቅምት 24፣ ሰኞ

ፖሊስ ጣቢያ ግቢ ሄጄ ባጃጁን አየሁ። የግራው ሸራ በሦስት የብረት ቁልፎች ነው የሚያያዘው። ወደ ኋላ ለማየት የኋለኛው ቁልፍ መፈታት አለበት። ሸራው የሞተሩ መሪ በመታው በኩል ተቀዷል። ሦስቱም ቁልፎች ግን እንደተቆለፉ ናቸው። ጥበቃውን ጠየቅሁት፤ ከመጣ ጀምሮ የነካው ሰው የለም አለ።

በቀኝ እጄ ፈትቼ መልሼ ቆለፍኩት። በሰዓቴ ዘጠኝ ሰከንድ። ቁልፉ ግትር ነው።

ምናልባት አይቼ መልሼ ቆልፌው ይሆናል።

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ

መልሼ ልቆልፈው አልችልም። ጊዜ አልነበረም። በቀኝ እጄ ስልኩን፣ በግራ እጄ የገበያ ፌስታሉን ይዤ ነበር።

ታዲያ ማየቴን ለምን አስታውሳለሁ? አስፋልቱን፣ እርጥብ ሆኖ፣ ባዶ ሆኖ፣ ልክ አሁን እንዳለሁበት ክፍል አየዋለሁ። በሌላ ቀን ያየሁት ይሆን? በዚያ መታጠፊያ ስንት ጊዜ «ባዶ ነው» ብያለሁ? በክረምት በሳምንት አራት ጊዜ፣ በዓመት ስንት ሳምንት። ሰው ሰላምታ ሲመልስ ቃሉን አያስብም።

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ

ጠዋት ፀሐይወርቅ ጓሮ ጎመን ስትቀነጥስ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ብዙ ዞርኩ፤ ስለ ትከሻዬ፣ ስለ ኤልቤቴል፣ ስለ ዝናቡ። በመጨረሻ «የዚያን ቀን ስልኩ ላይ ምን ሰማሽ?» አልኳት።

እጇን አላቆመችም። «ልጁ ከኋላ ይዩልኝ አለህ። አንተ ባዶ ነው አልከው። ወዲያው፣ ሳትተነፍስ። ከዚያ ለእኔ ዳቦ ቤቱ ዘግቷል አልከኝ። ክላክስ ሰማሁ፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ያ ጩኸት።»

«ክላክስ?»

«ሁለት ጊዜ። ረዘም ያለ።»

«እኔ አልሰማሁም።»

«አንተ ስለ ዳቦ እያወራህ ነበር።»

ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። «አልጠየቅኸኝም» አለች። «ደግሞ እያወቅህ የተውከው መስሎኝ ነበር። ያን ሁሉ ሜትር ስትጎትት፣ የሚፈልገው ሌላ ነገር ቢሆን ነው አልኩ።»

አርባ አንድ ዓመት አብረን ኖረናል። እያወቀ ይዋሻል ብላ አንድ ወር አብራኝ በላች፣ ተኛች፣ ሻሼን አሰረችልኝ። የባሰው የቱ እንደሆነ አልገባኝም፤ እንደዚያ ማሰቧ ነው ወይስ ችላኝ መኖሯ።

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

ለሳምሶን ነገርኩት። ብዕሩን አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ ይህ ማንን ይጠቅማል?»

«የሆነውን ነው የምነግርህ።»

«እሱ ገብቶኛል። ማንን ይጠቅማል ነው ያልኩት።» በሩን ተነስቶ ዘጋ። «ማየት የሹፌር ግዴታ ነው። ለተሳፋሪ ተላልፎ አይሰጥም። እርስዎ ይህን ሲናገሩ ገመቹ ራሱ እንዳላየ፣ ለፖሊስም እንደዋሸ አስመሰከሩበት። ግማሹ ሄደ። ባጃጁ ሄደ።»

«እኔስ?»

«እርስዎ ምን?»

«የእኔ ድርሻ። ያላየሁት እኔ ነኝ።»

«እርስዎን የከሰሰ የለም። ፍርድ ቤት ላልተከሰሰ ሰው ድርሻ አይቆርጥም።» ትንሽ አሰበ። «መንገዱ አንድ ነው። ገመቹ፣ ይህ ሰው የድርሻውን ይካፈለኝ ብሎ ወደ ክሱ እንዲጠራዎት ማመልከት ይችላል። ይፈልጋሉ?»

«እፈልጋለሁ።»

ብዕሩን መልሶ አነሳ። «ሰው እዚህ የሚመጣው ከክስ አውጣኝ ለማለት ነው» አለ።

ቤት ስመጣ ላጣራው ሞከርኩ። ዝም ብል ገመቹን እጠቅማለሁ፤ ሱፍያን ግን ያደረገውን ክላክስ አላደረግህም ተብሎ ይኖራል። ብናገር ሱፍያንን እጠቅማለሁ፤ ለእኔ ብሎ የዋሸው ገመቹ ከነልጆቹ ይወድቃል። በሁለቱም በኩል እኔ ምንም አልሆንም። ዝም ብል ጨዋ ተሳፋሪ ነኝ፤ ብናገር ሐቀኛ መምህር ነኝ። ይህን ወረቀት ላይ ጽፌ ብዙ ጊዜ አየሁት። ስህተቱ የቱ ጋ እንደሆነ አላገኘሁትም።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ቃሌን ላስተካክል ወደ ሳጅኑ ሄድኩ። መዝገቡ ወደ ፍርድ ቤት ሄዷል አለኝ። «ለዳኛው ይናገሩ ጋሼ። አሁን እኔ ጋ ያለው ኮፒ ነው።»

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ባጃጁ በዋስ ተለቅቋል። ገመቹን ተራው ላይ አገኘሁት። ወደ ጎን ወስጄ ሁሉንም ነገርኩት፤ ቁልፎቹን፣ ስልኩን፣ ክላክሱን። «አላየሁም ገመቹ። ሳላይ ነው ባዶ ነው ያልኩህ።»

«አውቃለሁ» አለ።

«እንዴት?» አልኩት።

«ሸራው ሲገለጥ ንፋስ ይገባል ጋሼ። አንገቴ ላይ ይሰማኛል። የዚያን ቀን ንፋስ አልገባም።»

«ታዲያ ለምን ታጠፍክ?»

«እርስዎ ስላሉኝ ነዋ።» ይህን ያለው በንዴት አይደለም። የማያጠያይቅ ነገር እንደሚናገር ሰው ነው።

ክሰሰኝ አልኩት። ሳምሶን እንዴት እንደሚደረግ ያውቃል፤ ማመልከቻውን ፈርም፤ ድርሻዬን ልያዝ አልኩት። ያን ጊዜ ተቆጣ። ከተማሪነቱ ጀምሮ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም።

«ጋሼ፣ ዝም ብለው ቢሆን ግማሽ ነበር። እኔ ለእርስዎ ስል ዋሸሁ። እርስዎ ደግሞ ለራስዎ ሲሉ እውነት ሊናገሩ ነው። እሺ፣ ይናገሩ። አሁን ደግሞ ክሰሰኝ ይሉኛል። ሰፈር ውስጥ መምህሩን ከሰሰ ልባል?»

«ለራሴ ስል አይደለም» አልኩት።

«ታዲያ ለማን?»

ከባጃጆቹ አንዱ ጥሩንባውን ነፋ፤ የገመቹ ተራ ደርሶ ነበር። ሄደ።

ለሱፍያን ስል ነው ማለት ነበረብኝ። ያን ጊዜ ትዝ አላለኝም። ይህም ራሱ መልስ ነው መሰለኝ።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ሱፍያን ቤት ሄድኩ። ፀሐይወርቅም ብቻህን አትሄድም ብላ መጣች። የሰማችውን ራሷ ነገረቻቸው፣ ባለው ቅደም ተከተል፣ ሳትጨምር።

«ሁለት ጊዜ?» አለ ሱፍያን።

«ሁለት ጊዜ። ረዘም ያለ።»

«እማ፣ ሁለት ጊዜ» አለ ወደ እናቱ ዞሮ። ደገመው። ጄሶው ተቀይሮ አጭር ሆኗል፤ እግሩን ለማንሳት ሞክሮ ተወው። ወ/ሮ ረህማ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ቆዩ።

ከዚያ እኔ የእኔን ነገርኳቸው።  ስጨርስ ወ/ሮ ረህማ «መቼ ነው ያወቁት?» አሉኝ።

«ከጥቅምት 24 እስከ 27 ባለው ጊዜ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ከዚያ በፊት አየሁ ብዬ ነበር የማስበው።»

«ልጄም ከዚያ በፊት ክላክስ አደረግሁ ብሎ ነበር የሚያስበው» አሉ። «እርስዎ ሲያስቡ ሰው አመነዎት።»

 ሱፍያን ሊያቀልልኝ ፈልጎ ይሆናል፣ «መምህር፣ እኔም ቀስ ብዬ አልነበረም የመጣሁት» አለ። «ግን እሱን ፍርድ ቤት አልናገርም፤ ይጠይቁኝና ያውጣጡኝ።» እናቱ «ትናገራለህ» አሉት። «እሳቸው ከተናገሩ አንተም ትናገራለህ።» ሊስቅ ከጀመረ በኋላ ተወው።

ሻይ አልቀረበልንም። ልክ ናቸው።

ኅዳር 14፣ እሑድ

ኤልቤቴል ደወለች። እናቷ ነግራታለች። «አባዬ፣ በሰባ አንድ ዓመትህ ተከሳሽ ልትሆን?» እያለች አለቀሰች። የትከሻህስ ካሳ ስትለኝ እሱን አልጠይቅም አልኳት። «ራስህን ቅጣ ማን አለህ?» አለች። 

ሳምሶን ሳይደውልልኝ ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው። የሱፍያን ወገን ፀሐይወርቅንና እኔን ምስክር አድርገው ቆጥረውናል።

ኅዳር 24፣ ረቡዕ

ገመቹ መጣ። ሥራ ላይ እንዳልሆነ አወቅሁ፤ የታጠበ ሸሚዝ ለብሷል። ከኮፍያው ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። የፍርድ ቤት መጥሪያ ነው። መጥሪያ የሚያደርሰው ጠሪው ራሱ ነው፤ ደንቡ ነው።

«ባለቤቴ ናት» አለ። «ሰውዬው ራሱ ልካፈል እያለህ ለማን ብለህ ነው ልጆችህን የምታስርበው አለችኝ።» ወረቀቱን ሊሰጠኝ ዘረጋ፤ ከዚያ መልሶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፣ በእጁ መስጠት እንዳልሆነለት ሰው።

ክሰሰኝ ያልኩት እኔ ነኝ። ለምኜው ነበር። ስሜን ከነአባቴ «ተጠሪ» ከሚለው ቃል ጎን ሳየው ግን ተናደድኩ። ጆሮዬ ድረስ ነው የጋለኝ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ስም ጠርቼ፣ በስም መጠራት ይህን ያህል ይከብዳል ብዬ አላሰብኩም ነበር። እንዳይታይብኝ መነጽሬን ወልውዬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩ። «ሳይመለከት መንገዱ ባዶ ነው በማለቱ» ይላል። ጥፋቱን ከሦስት ከፍለው አንዱን እንድይዝ ጠይቀዋል።

«ሲሶ ለምን ሆነ?» አልኩት።

«እኔም ሳምሶንን ጠይቄው ነበር። ሦስት ሰው ስለሆናችሁ ነው አለኝ።»

«ይህ ስሌት አይደለም።»

«አይደለም» አለ ገመቹ። «ሱፍያን ፈጥኗል፤ እኔ ሳላይ ታጥፌያለሁ፤ እርስዎ ሳያዩ ብለዋል። የማን ይበልጣል? ስነዳ ሁሉ አስበዋለሁ። አንድ ቀን የእኔ ይበልጣል፤ አንድ ቀን የእርስዎ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ የእርስዎ» አለ፤ ከዚያ በአፉ ያለውን የሰማው ይመስል አንገቱን ደፋ።

ፈረምኩለት። ቀኑን ጻፍኩ። ፀሐይወርቅ ቁርስ ይዛ ገብታ «ብላ» አለችው፤ ጎረሰ፤ ሁለት ጊዜ ሳይሆን ሦስት ጊዜ። ስለ ልጆቹ ትምህርት ጠየቅሁት። ታላቅየዋ ስድስተኛ ክፍል ናት። ሒሳብ ይከብዳታል አለ። ላካት ልለው አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት፤ ከሳሼ ነው፤ እንዴት እንደሚሆን አላውቅም። ከዚያ ላካት አልኩት። «ከቀጠሮው በኋላ» አለ።

ቀጠሮው ታኅሣሥ 20፣ ሰኞ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። በር ላይ ጫማውን ሲያስር ጎንበስ እንዳለ «ጋሼ፣ ፍርድ ቤት በምን ይሄዳሉ?» አለኝ።

አላሰብኩበትም አልኩት።

«ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መጥቼ እወስድዎታለሁ። ሱፍያንንም እንድወስደው እናቱ ጠይቀውኛል፤ በክራንች ዳገቱን አይችልም። ከፊት እሱ ይቀመጣል፣ እግሩን እንዲዘረጋ።»

እሺ አልኩት። ሦስታችን በአንድ ባጃጅ። ለፀሐይወርቅ ስነግራት አልሳቀችም። «በየት በኩል ነው የምትሄዱት?» ብቻ አለችኝ።